አሞሌ፣ እንቅርትና የአንጎል ትእዛዝ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብበት። ይህን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ሆኖም ተረትን ከመናገር አልፈን ብንመረምረው ከታሪክ መዝገብ የማይተናነስ ምስክር ሆኖ እናገኘዋለን። ሕዝብ የማያውቀውን ነገር ምሳሌ አያደርግም። በሬውን፣ ጅቡን፣ ጎተራውን፣ ዝናሙን ለምሳሌ የሚጠራው ዕለት ዕለት ስለሚያያቸው ነው። እንቅርትም ከእነዚህ ጎን ተሰልፎ ከተረት የገባው ለደጋው ሰው አንገት እንግዳ ስላልነበረ ነው። እንዲያውም ተረቱን ልብ ብለን ብናደምጠው፣ እንቅርቱን እንደ አዲስ መከራ አይቆጥረውም፤ አዲሱ መከራ ጆሮ ደግፉ ነው። እንቅርቱማ ቀድሞውኑ የነበረ፣ የተለመደ፣ ሰው አብሮት የሚኖረው ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ የተለመደ ነገር ነው። መነሻዬ መካነ ኢየሱስ ናት፤ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ወረዳ ከተማ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደገኛ ናት። ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጉና ተራራ አለ፤ ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ ሌሎች ወንዞች ደግሞ የእስቴን፣ የስማዳንና የጋይንትን ሸንተረር እየሸረሸሩ ወደ ዐባይ ይወርዳሉ። የዚህ አገር ገበሬ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ ጤፉንና ባቄላውን ከራሱ ማሳ ያፍሳል፤ ወተቱንና ሥጋውን ከራሱ በረት፣ ልብሱን ከራሱ በግ ጠጕርና ከጎረቤቱ ሸማኔ ያገኛል። ከራሱ ምድር የማያገኘው አንድ ነገር ቢኖር ጨው ነበር።

የእንቅርትም ታሪክ እንግዲህ የሦስት ነገሮች ታሪክ ነው፤ የአንጎል፣ የዕጢና የጨው። ሐኪሞች ስለ ሁለቱ ይጽፋሉ፤ የታሪክ ሰዎች ስለ ሦስተኛው ይጽፋሉ። እኔ ግን ሦስቱን አንድ ላይ ካላነበብናቸው የደጋው ሰው አንገት ለምን እንዳበጠ የምንረዳው አይመስለኝም።

* * *

የጥንት ሊቃውንቶቻችን ስለ ሰውነት አሠራር የራሳቸው ትምህርት ነበራቸው። ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት የተሠራ ነው፤ አራቱ ሲስማሙ ጤና ይሆናል፣ አንዱ ሲያይል ደዌ ይመጣል ይላሉ። አሳብንም በተመለከተ ልብ ያስባል፣ ኩላሊት ያመላልሳል ይሉ ነበር። የዛሬው ሳይንስ የአሳብን ወንበር ከልብ አንሥቶ ለአንጎል ሰጥቶታል። የሚገርመው ግን የትምህርቱ ሥር፣ ሚዛን የሚለው አሳብ፣ አለመናዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር ሕያው አካል በውጭ ያለው ሁሉ ሲለዋወጥ በውስጡ ያለውን እንዳይለዋወጥ አድርጎ እንደሚጠብቅ አስተማረ። አሜሪካዊው ዋልተር ካነን ደግሞ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዚህ የውስጥ ሚዛን «ሆሚዮስታሲስ» የሚል ስም አወጣለት።

ይህን ሚዛን የሚጠብቁት ሁለት ዓይነት መልእክተኞች ናቸው። አንደኛው ነርቭ ነው። ነርቭ በፈረስ እንደሚጋልብ መልእክተኛ ነው፤ ከአንድ ሰው ተነሥቶ ወደ አንድ ሰው፣ በታወቀ መንገድ፣ በዐይን ቅጽበት ይደርሳል። ሁለተኛው ሆርሞን ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1905 ለሕክምና ያስገባው እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ ሲሆን፣ ያነሣሣል ከሚል የግሪክ ግሥ ወስዶታል። ሆርሞን በገበያ መካከል በነጋሪት እንደሚነገር ዐዋጅ ነው። ከዕጢ ወጥቶ በደም ውስጥ ይፈስሳል፤ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚነሣው ግን ዐዋጁ የሚመለከተው ብቻ ነው። የሕፃን ልቅሶ የእናቱን ጡት የሚያግተው፣ በመኸር ፀሐይ ሲያጭድ የዋለ ሰው ሽንቱ የሚያጥረው፣ ጅብ ሲጮኽ የበግ ጠባቂ ልብ የሚደልቀው በእነዚህ ሁለት መልእክተኞች መተባበር ነው። ጆሮና ዐይን ለአንጎል ይነግራሉ፤ አንጎል ለዕጢ ያስተላልፋል፤ ዕጢው በደም ያውጃል።

ሁለቱ መልእክተኞች የሚገናኙበት ስፍራ በአንጎል ሥር ነው። በዚያ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል አለ። ከእርሱ በታች፣ በራስ ቅል አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ተንጠልጥላለች። የሕክምና ሰዎች ለረጅም ጊዜ ይህችን ሽምብራ የዕጢዎች ሁሉ ንግሥት አድርገው ይቈጥሯት ነበር፤ እርሷ ስታዝ የአንገቱም፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትም፣ የዘር ዕጢዎችም ይታዘዛሉና። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ ከአንጎል ወደ ፒቱታሪ የሚወርዱትን ጥቃቅን የደም ሥሮች አጥንቶ፣ ንግሥት የተባለችው ራሷ የሌላ ቃል እንደምትጠብቅ አሳየ። ቃሉ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሮዤ ጊዬመን በበጎች፣ አንድሩ ሻሊ ደግሞ በአሳማዎች አንጎል ላይ፣ እርስ በርስ እየተፎካከሩ ብዙ ዓመት ደከሙ። በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ እንስሳት ተለቅሞ የተገኘው ነገር በሚዛን ላይ ሊታይ እንኳ የሚያስቸግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን የመጀመሪያውን ቃል አነበቡት። በ1977ም ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ያ የመጀመሪያው የተነበበ ቃል የአንገትን ዕጢ የሚመለከተው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በእኛ ታሪክ ቋንቋ እንናገረው ብንል፣ ሃይፖታላመስ እልፍኝ ነው፤ ፒቱታሪ ደግሞ አፈ ንጉሥ። አፈ ንጉሥ የራሱን አይናገርም፤ ከእልፍኝ የሰማውን ለሕዝብ ያሰማል። የሚሰማው ባላገር በዚህ ታሪካችን ታይሮይድ ይባላል። ከማንቁርት በታች፣ ክንፉን እንደዘረጋ ቢራቢሮ በጉሮሮ ላይ የተቀመጠ፣ በጤነኛ ዐዋቂ 20 ግራም ያህል የሚመዝን ዕጢ ነው። ሥራው የሰውነት እሳት ምን ያህል ይንደድ የሚለውን መወሰን ነው። ሙቀታችን፣ የልባችን አመታት፣ የአንጀታችን እንቅስቃሴ፣ የልጅ ቁመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማኅፀን ያለ የሕፃን አንጎል አሠራር፣ ይህ ዕጢ በሚያወጣው ሆርሞን የተያዘ ነው።

በዚህ አገዛዝ ውስጥ የሚደነቀው ትእዛዙ ሳይሆን መልሱ ነው። ታይሮይድ ያወጣው ሆርሞን በደም ዞሮ ወደ አንጎልና ወደ ፒቱታሪ ይመለሳል። እነርሱም ይመዝኑታል። በቂ ሲሆን ትእዛዙን ያለዝባሉ፤ ሲያንስ ያጠነክራሉ። ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ ይወርዳል፣ ከታች ወደ ላይ ወሬ ይወጣል። በጤነኛ ሰው ይህ ምልልስ ሌት ተቀን ያለ ድምፅ ይካሄዳል፤ ባለቤቱም አያውቀውም።

* * *

ታዲያ እንቅርት ምንድን ነው?

የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ዋነኛው ሆርሞን በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ አራት የአዮዲን አቶሞች ይዟል፤ ካለ አዮዲን ሊሠራ አይችልም፣ ምትክም የለውም። ለአንድ ዐዋቂ በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ብናሰላው፣ ሰባ ዓመት የሚኖር ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አራት ግራም እንኳ አይሞላም። በአንዲት የሻይ ማንኪያ ይያዛል።

ይህች ማንኪያ ስትጎድል ሆርሞኑ ያንሳል። አንጎል ማነሱን ያውቃል፤ ለምን እንዳነሰ ግን አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ትእዛዙን ያበረታል። አፈ ንጉሡም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ዕጢው ያንን ሲሰማ ሥራውን ለማብዛት ሕዋሳቱን ያበዛል፣ አካሉን ያሰፋል። ከቤተ መንግሥት «ሺህ ጋቢ አምጣ» የተባለን ሸማኔ አስቡት። ሸማኔው ድርና ማግ የለውም። ትእዛዝ ነውና ግን እንቢ አይልም፤ ሌላ ጕድጓድ ይቆፍራል፣ ሌላ መወርወሪያ ያዘጋጃል፣ ልጆቹን ሁሉ ለሥራ ያስቀምጣል፣ ቤቱን ያሰፋል። ቤቱ ይተልቃል፤ ጋቢው ግን የለም። ዓመት ዓመትን ሲወልድ፣ ትእዛዙም ሲደጋገም፣ የሸማኔው ቤት መንደር ያህላል።

ያ የተለቀ ቤት እንቅርት ነው።

እንግዲህ እንቅርት ያመፀ ዕጢ አይደለም። እስከ መጨረሻው የታዘዘ ዕጢ ነው። አንጎሉም አልተሳሳተም፤ አፈ ንጉሡም ቃል አላጐደለም። በመላው ሥርዓት ውስጥ ያጠፋ የለም። የጎደለው ከሰውነት ውጭ፣ በአፈሩና በገበያው ውስጥ ነው። አንዳንዱ ዕጢ እንዲህ ሰፍቶ ከሚያገኛት ጥቂት አዮዲን የሚበቃውን ያህል ሆርሞን ይሠራል፤ ባለቤቱም አንገቱ ቢያብጥም በሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ ይኖራል። አዮዲኑ ይበልጥ ሲጎድል ግን የዕጢው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አፈሩ አዮዲን ያጣበት ምክንያትም የተሰወረ አይደለም። በዓለም ላይ ያለ አዮዲን አብዛኛው በውቅያኖስ ውስጥ ነው። ከዚያ በትነትና በዝናም ጥቂት በጥቂት ወደ የብስ ይመጣል። ተራራማና ተዳፋት አገር ላይ ግን የመጣው አይቆይም፤ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑን ይዞት ይወርዳል። ከጉና እስከ ዐባይ ሸለቆ ያለውን ቁልቁለት፣ በሐምሌም ወንዞቹ ምን መልክ እንደሚይዙ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። አፈሩ ያጣውን እህሉ ያጣል፤ እህሉ ያጣውን ላሟም ሰውም ያጣሉ። በዚያ ላይ ጎመንን የመሳሰሉ አትክልቶች፣ በተለይ በጥሬያቸውና በብዛት ሲበሉ፣ ዕጢው አዮዲንን እንዳይስብ የሚያደናቅፍ ንጥረ ነገር አላቸው። ሆድ የሚጠግብበት አንገት ግን የሚራብበት አገር እንዲህ ያለው ነው።

* * *

አሁን ወደ ጨው እንምጣ። ገበሬው ከራሱ ምድር የማያገኘው፣ ከሩቅ አገር የሚመጣለት ምግቡ ጨው ነበር ብያለሁ። ይህ ጨው ረጅም ታሪክ አለው። በ6ኛው መቶ ዘመን ወደ አክሱም መንግሥት የመጣው ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ሰዎች ወደ ደቡብ ወርደው ወርቅን በበሬ፣ በብረትና በጨው እንደሚለውጡ ጽፏል። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በመላው መንግሥት እንደ ገንዘብ እንደሚሠራና ከሚቆረጥበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር መስክሯል። ያ ጨው አሞሌ ነው። ከአፋር ረባዳ፣ ከባሕር ወለል በታች ካለው የዳሎል ሐሩር እየተጠረበ፣ በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ከዚያም በሰቆጣ አድርጎ ወደ በጌምድር ይገባል። በጣና አጠገብ ይፋግ፣ ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ማኅደረ ማርያም የታወቁ ገበያዎች ነበሩ። የእስቴም ሰው ጨውን ያገኝ የነበረው ከእንዲህ ያሉ ገበያዎች ነው።

አሞሌ በእኛ አገር ከጨውነት በላይ ነበር። ግብር ይከፈልበት፣ ሙሽራ ይዳርበት፣ በሬ ይገዛበት ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር ትልቁ ገንዘብ ሲሆን አሞሌ ዝርዝሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ካስቀረጹም በኋላ አሞሌ ከየገበያው ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ጨው ለደገኛው እንዲህ ውድ ስለነበረ ነው እንግዳ ሲመጣ አሞሌን ማላስ ክብር የነበረው።

የታሪኩ ምጸት እዚህ ላይ ነው። ይህን ያህል በረሓ ተሻግሮ፣ ይህን ያህል ቀረጥ ተከፍሎበት የሚመጣው ጨው፣ አንገት የሚጠብቃትን ቅንጣት አልያዘም። ሰዎች ጨው ከባሕር ስለሚገኝ አዮዲንም አብሮት ያለ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የባሕር ውኃ ደርቆ ጨው ሲረጋ አዮዲኑ በአብዛኛው ከጨዉ ጋር አይረጋም። ስለዚህ አሞሌውም፣ በባሕር ዳርቻ የሚመረተው ነጭ ጨውም፣ ሰው እጁን ካላስገባበት በቀር ለእንቅርት መድኃኒት ሊሆን አይችልም። «ጨው ለራስህ ብትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። አሞሌው ጣፍጧል፤ ለምላስ ዕዳውን ከፍሏል። ለአንገት ግን ድንጋይ ነበር።

ሰዉም በበኩሉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሰሜኑ አገር የእናቶችን አንገት የከበበው ንቅሳት ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርትን ይከለክላል፣ ያበጠውንም ያስታግሳል ተብሎ የሚነቀስም ነበር። እኔ ያንን ንቅሳት ሳይ የማነበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የውበት ፍቅር ነው። ሁለተኛው በመርፌና በጥቀርሻ የተጻፈ፣ ሰሚ ያላገኘ አቤቱታ ነው።

* * *

ይህ ዕጣ የእኛ ብቻ አልነበረም። ዛሬ የሀብታሞች አገር የምትባለው ስዊዘርላንድ፣ ተራሮቿ በበረዶና በጎርፍ አዮዲናቸውን የታጠቡባት፣ በእንቅርት የታወቀች አገር ነበረች። በዚያ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል እጀ ብልህ ቀዶ ሐኪም ነበረ። እንቅርትን ሙሉ ዕጢውን ነቅሎ ያወጣ ነበር፤ በሽተኞቹም አንገታቸው ተስተካክሎ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ቆይቶ ግን ስለ አንዲት ታዳጊ ልጅ ወሬ ደረሰው። ልጅቱ እድገቷ ቆሟል፤ ፊቷ አብጧል፤ አእምሮዋ ፈዝዟል። ኮኸር ሌሎቹንም አስጠርቶ ሲመረምር ከብዙዎቹ ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1883ም ግኝቱን በግልጽ አስታወቀ። ሙሉ ዕጢውን መንቀልም ተወ። እ.ኤ.አ. በ1909 ለታይሮይድ ሥራው ኖቤል ተሸለመ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሽልማቱ ሳይሆን ዕጢው ከአእምሮ ጋር ያለው ዝምድና ለዓለም የተገለጠው በእንዲህ ያለ ዋጋ መሆኑ ነው። አንጎል ዕጢን ያዝዛል፤ ዕጢም ከሌለ አንጎል አንጎል አይሆንም። አዛዡ በታዛዡ ይኖራል።

አዮዲን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1811 ከባሕር አረም አመድ በፈረንሳዊው ቤርናር ኩርትዋ ተገኝቷል፤ በ1820ም የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ ለእንቅርት ሰጥቶታል። በዕጢው ውስጥ አዮዲን መኖሩን በ1890ዎቹ ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን አረጋገጠ። ሆኖም ከዕውቀት እስከ ገበሬው ማዕድ ያለው መንገድ ሌላ ሩብ መቶ ዘመን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1918 ኦቶ ባያርድ የተባለ የገጠር ሐኪም በአንድ የተራራ መንደር ለጥቂት ቤተሰቦች እጅግ ጥቂት አዮዲን የገባበት ጨው ሰጥቶ አንገታቸው ሲሟሽሽ አየ። ከ1922 ጀምሮ ጨዉ በስዊዘርላንድ ለሕዝብ ቀረበ፤ በ1924 አሜሪካ ተከተለች። ጨው የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። ድሀም ሀብታምም በየቀኑ፣ በተቀራራቢ መጠን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ነገር ከጨው ሌላ የለም።

* * *

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ተራራውን እየወጡ ቆላውን እየወረዱ የሕዝቡን አንገት በእጃቸው ዳስሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመው ጥናት ከ35,000 በላይ የትምህርት ቤት ልጆች ተመርምረው 30.6 በመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከአሥር ልጆች ሦስቱ ማለት ነው። ተረታችን አላጋነነም።

በእነዚያ ዓመታት ጨዋችን በአብዛኛው የሚመጣው ከምጽዋና ከአሰብ ነበር፤ አዮዲንም ሊደረግበት ተጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግን ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ ድንበሩም ተዘጋ። ስለዚያ ጦርነት ሲወራ ስለ ወጣቶቹ ደም፣ ስለ ባድመ፣ ስለ ወደብ ይወራል፤ ይገባልም። ከጦርነቱ ሰለባዎች መካከል ግን ማንም ያልቈጠራት አንዲት ቅንጣት ነበረች። አገሪቱ ጨው ስታጣ ፊቷን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ መለሰች። አፍዴራም አገሩን ሁሉ አጠገበ። ገበያው ላይ ጨው ሞላ፤ ማንም ጨው አልጎደለበትም። አዮዲኑ ግን አልነበረበትም። ወጡ እንደ ወትሮው ጣፈጠ፤ የአንጎል ትእዛዝ ግን እንደገና መበርታት ጀመረ።

ውጤቱ በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። ይኸው ጥናት እንቅርት ባለባቸው ሴቶች ዘንድ ፅንስ መጨናገፍና ሞቶ መወለድ እንደሚበዛ አመለከተ። በ2003 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳየ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደውን ደንብ ቁጥር 204/2003 አወጣ። በአፍዴራም ሠራተኞች ፖታሺየም አዮዴት የተበጠበጠበትን ውኃ በጀርባ በሚታዘል መርጫ በጨው ክምር ላይ ይረጩ ጀመር። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከመቶ ቤት በ89ኙ ጨው ላይ አዮዲን ተገኘ። በአምስት ዓመት ከ15 ወደ 89 መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ተገኘ ማለት ግን በቃ ማለት አይደለም፤ በእጅ የተረጨ ጨው አንዱ ጆንያ ሲጠግብ ሌላው ይራባል።

* * *

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህ ሁሉ ስለ አንገት እብጠት ነውን?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። እንቅርት የሚታየው ብቻ ነው፤ ትልቁ ጉዳት አይታይም። በማኅፀን ያለ ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ የሚሠራ ታይሮይድ የለውም፤ አንጎሉ የሚገነባው ከእናቱ በሚያገኘው ሆርሞን ነው። እናቲቱ አዮዲን ካነሣት ጎጆው ወጋግራው ሳይቆም ይከደናል። ጉድለቱ ሲከፋ ልጁ መስማትም መናገርም የተሳነው፣ ቁመቱ የተቀጨ፣ አእምሮው የደከመ ሆኖ ይወለዳል። ቀለል ሲል ደግሞ ማንም በሽታ አይለውም። ትምህርት የማይገባው፣ ቀለም የማይዘልቀው፣ ሰነፍ ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅትም የአዮዲን እጥረትን ሊከላከሉት ከሚቻሉ የአንጎል ጉዳት መንሥኤዎች ሁሉ ቀዳሚው ብሎታል።

ይህን ሳስብ ልቤ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤቱም ወደ አስኳላውም ይሄዳል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቀለም አልገባው ብሎ በአለንጋ የተገረፈው ልጅ ስንት ይሆን? «ያልታደለች» ተብላ፣ ፅንስ እየጨነገፈባት በየጠበሉ የዞረች፣ መጨረሻም የተፈታች ሴት ስንት ትሆን? ለእነዚህ ሰዎች ስንፍናን፣ እርግማንን፣ ቡዳን ሰጠናቸው። የጎደላቸው በዕድሜ ልክ አንድ የሻይ ማንኪያ ነበር። ስለ ረሀባችን ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ በሚገባም ይጻፋል። ሆዱ ጠግቦ ስለ ተራበው ሕዝብ ግን ገና አልተጻፈም። ያ ታሪክ ሲጻፍ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጎን የአሞሌና የአፍዴራ ምዕራፍ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ።

ከዚህ የሰውነት አገዛዝ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ትእዛዝ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ታዛዡም የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ስንቅ ካልደረሰ ሥራ የለም። ትእዛዝ በበረታ ቁጥር የሚያብጠው ታዛዡ ነው። ስንቁ እንዳይቋረጥ መጠበቅ ደግሞ የአንድ ዘመን ዘመቻ አይደለም። አዮዲን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ እንደሚበቃ ክትባት አይደለም፤ የሰጡት ዕለት ይኖራል፣ ያቋረጡት ዕለት እንቅርት ጉዞውን ይጀምራል። በ1990 ዓ.ም. ይህን አይተናል። መንገድ ሲዘጋ፣ ጦርነት ሲነሣ፣ ቁጥጥር ሲላላ ከሁሉ አስቀድሞ ማንም ሳያያት የምትጠፋው ይህች ቅንጣት ናት።

በቤት ውስጥም የድርሻችን አለ። አዮዲን ፀሐይን፣ እርጥበትንና እሳትን አይወድም። ስለዚህ ጨው በተከደነ ዕቃ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር። ይጠራል ብሎ በውኃ ማጠብም አዮዲኑን አጥቦ መድፋት ነው። በመካነ ኢየሱስ ገበያ በጆንያ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው ከሚውለው ጨው ይልቅ የታሸገው ጥቂት ሳንቲም ቢበልጥ፣ ልዩነቱ የሚከፈለው ለአንገት ሳይሆን ለልጅ አእምሮ መሆኑን እናስብ።

ምኞቴ አንድ ነው። አንድ ቀን በጉና ሥር የሚያድግ ልጅ አያቱ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ ይሰማና፣ ነገሩ ግራ ገብቶት፣ «እማማ፣ እንቅርት ግን ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃቸው።

ቸር ይግጠመን።